ጀሪካኔን ስለ መለሱልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ብዋና አዳኖ፣
የከተማችን የአደገኛ ፍሳሽ ማስወገጃ ክፍል ኃላፊ፣
ሞያሌ፣ ኬንያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የክቡርነትዎ ሳንባ፣ ሆድና አፍንጫ በሙሉ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ ይልቁንም አፍንጫዎ፣ ከቢሮዎ ጓሮ የሚወጣውን ሽታ ይህን ያህል ጊዜ ችሎ መኖሩ ለእኔ ለተራዋ ነዋሪ ምሥጢር ሆኖብኛልና።

እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አነስተኛ ምግብ ቤት ያለኝ ጤናዬ ነኝ። ባለፈው ወር ድንኳን አስተክለው፣ ማይክራፎን ጨብጠው፣ በየቤታችን የተረፈውን ላምባ፣ ቲነርና የተቃጠለ የጄኔሬተር ዘይት ቦይ ውስጥ መድፋት ትተን ለክፍልዎ እንድናስረክብ በጣፋጭ አንደበት ሲመክሩን፣ አምነው ከተሰለፉት አንዷ ነበርኩ። የውሃ ወረፋ ላይ እንዳይቀየርብኝ እጀታው ላይ በጋለ ምስማር «ጤ» ብዬ የጻፍኩበትን ቢጫ ጀሪካን፣ የቆየ ላምባ እንደያዘ፣ «ላምባ ነው፣ አይጠጣም» የሚል ወረቀት በስዋሂሊ ለጥፌበት አስረከብኩ። ሠራተኛዎም «ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ማማ፣ ከእንግዲህ የእኛ ጉዳይ ነው» ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። በመስታወት አስገብቼ ሰቅዬው ነበር።

ያን ጀሪካን ከሦስት ሳምንት በኋላ ያገኘሁት ሆስፒታል ውስጥ፣ የአራት ዓመት ልጅ ከተኛችበት አልጋ ሥር ነው። ልጅቱ ሀዋኦ ትባላለች፤ እናቷ ካልቱማ ከዳበል መንደር የግመል ወተት የምታመጣልኝ ደንበኛዬ ናት። ሁለት ቀን ብትቀርብኝ ፈልጌ ሄድኩ፤ ሐኪሙ እንዲያየው ብለው ጀሪካኑን ይዘውት መጥተው ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ስለገባኝ፣ አድናቆቴን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ክፍልዎ የተረከባቸውን ስልሳ ጀሪካኖች ከማስወገድ ይልቅ በድርቁ ለተጎዱ ወገኖች የውሃ መያዣ አድርጎ በማከፋፈሉ፣ ምንም ነገር የማይባክንበት ቢሮ እንዳለን አውቄያለሁ። የለጠፍኩት ማስጠንቀቂያ ግን ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ለርክክቡ ፎቶግራፍ እንዳያስቀይም ታስቦ ይመስለኛል።

፪. ጀሪካኖቹ ታጥበዋል ተብሏል። ካልቱማ ከማከፋፈያ መኪናችሁ ላይ ስትቀበል ውስጡ ሲንቦጫረቅ ሰምታ፣ እግረ መንገዳችሁን ትንሽ ውሃም የጨመራችሁላት መስሏት መርቃችኋለች፤ በዚህ ድርቅ ቀላል ስጦታ አይደለም። አህያዋን ጭና እስክትጨርስ ሀዋኦ ክዳኑን ከፍታ በጣሳ ቀዳች፣ ጠጣችም።

፫. ከድንኳኑ፣ ኋላም ከጀሪካኖቹ ጋር ያደላችሁት በራሪ ወረቀት፣ ላምባ የጠጣን ሰው ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አጠጥታችሁ አስመልሱት ይላል። ማንበብ የሚችል ጎረቤት አነበበላት፣ እናቲቱም እንደታዘዘችው አደረገች። ሐኪሙ እንደነገረን ግን ላምባ የጠጣን ሰው በፍጹም ማስመለስ አይገባም፤ ሲወጣ ወደ ሳንባ ስለሚገባ፣ ምንም ሳይሞክሩ ፈጥኖ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ሀዋኦ ስድስት ቀን በኦክስጅን ተነፈሰች። ያ ወረቀት ዛሬም በቢሮዎ በር ላይ ተለጥፎ አለ፤ ማኅተሙም ያምራል።

፬. የተቀረውን ዘይት ከቄራው ጀርባ ካለው ሸለቆ ደፍታችሁታል። ሄጄ አይቻለሁ። ዝናብ ሲመጣ ወዴት እንደሚወርድ ከታች የሚጠጡት ፍየሎች ይንገሯችሁ።

ክቡር ሆይ፣ ምግብ ቤት የሚያስተዳድር ሰው በቀላሉ አይጸየፍም፤ ብዙ እናያለን፣ ብዙ እናጥባለን። ይህን ግን ተጸይፌያለሁ። ያንን «ጤ» ፊደል ከዚያ አልጋ ሥር ሳይ የገዛ እጄን ተጸየፍኩ። ምነው እንደ ድሮዬ ቦይ ውስጥ በደፋሁት ኖሮ፣ ቢያንስ ልጅ አትጠጣውም ነበር ብዬ እስክመኝ አደረሳችሁኝ፤ ከምክራችሁ በኋላ እንዲህ የሚመኝ ዜጋ ማፍራታችሁ ቀላል ውጤት አይደለም። ላቀረብኩት አቤቱታ «እናቶች ልጆቻቸውን ይጠብቁ» የሚል አጭር መልስ በመላክዎም አመሰግናለሁ። ካልቱማ ልጇን ከእባብ፣ ከጅብና ከጥም ጠብቃ እዚህ አድርሳለች፤ ከእርስዎ ክፍል መጠበቅ እንዳለባት ግን የነገራት አልነበረም።

ስለዚህ በዳበልና በቦሪ የተከፋፈሉት የቀሩት ሃምሳ ዘጠኝ ጀሪካኖች ሌላ ልጅ ሳትቀዳባቸው በዚህ ሳምንት እንዲሰበሰቡ፣ በርዎ ላይ ያለውም ወረቀት ዛሬውኑ እንዲነሣ፣ ከወንበርዎ ለመነሣት ጊዜ ባገኙ ጊዜ ሳይሆን አሁን እንዲያዙልኝ እለምናለሁ። የምስክር ወረቀቴን ከነመስታወቱ አያይዤ መልሻለሁ።

ስለ ከተማችን ንጽሕና ሲሉ በጥላ ሥር ለሚያሳልፉት እያንዳንዱ ሰዓት ባለዕዳዎ የሆንኩ፣ ጀሪካኔ ሳይቀየር ተመልሶ የደረሰኝ፣ ታዛዥዎ
ጤናዬ፣ ባለ ምግብ ቤት

ሳልረሳው፦ ሀዋኦ ትናንት ከሆስፒታል ወጥታ ከእናቷ ጋር ምግብ ቤቴ አረፍ ብለው ነበር። ውሃ በብርጭቆ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ አሸተተችው፣ እናቷን ቀና ብላ አየች፣ እንደገና አሸተተችው፣ ከዚያ ጠጣች። ካልቱማ እንደነገረችኝ አሁን ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ክፍልዎ አንድ ቀን እንኳ ሊሠራው ያልቻለውን ሥራ ልጅቱ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትሠራለች።