ቤርሙዴስ ያመሰገኑበት ቀን

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ዝናቡ አላባራም። ባልደረባዬ ሚርታ ቶርታ ፍሪታ ጠብሳ በፎጣ ጠቅልላ ቢሮ ይዛ መጣች። ዝናብ ሲጥል ሊጥ የማይጠበስበት ቤት በዚህ ከተማ የለም። "ስኳሩን በዛ አድርጌዋለሁ። አንቺ እንደሆነ የሐኪም ምክር አይገባሽም" አለችኝ። ሦስት በላሁ።

ማቴውን፣ በትኩስ ውሃ የሚዘፈዘፈውን መራራ ቅጠል፣ የምቀዳው እንደ ሁልጊዜው እኔ ነኝ። የከተማ አስተዳዳሪዎች መጥተው ሄደዋል፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን እኔው፣ ፔርሙዙም የኔው። የመጀመሪያውን መራራውን ራሴ ጠጣሁ፣ ደንቡ ነው። ከዚያ ለሚርታ፣ ከዚያ ለሕግ አማካሪው ለፋጉንዴስ፣ መጨረሻ ላይ ለአስተዳዳሪው ለሄራርዶ። አንድ ቅል፣ አንድ መምጠጫ፣ ለሁላችን።

በዝናብ ቀን ጣቢያው ትዝ ይለኛል። አባቴ የባቡር ጣቢያ ኃላፊው፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ… በአንድ ጎኑ እኔ፣ በሌላው የጎረቤታችን ልጅ ሄራርዶ። አስተዳዳሪ ይሆናል ብሎ ማን አስቦ! ጫማው ሁልጊዜ ክሩ የተፈታ ነበር።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ የመድኃኒት ነጋዴ ባቡር አመለጠውና ከኛ ጋር ተቀመጠ። አባቴ ቅሉን ሰጠው። ጠጣና፣ ጨዋ ሰው አይደል፣ "አመሰግናለሁ" ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ይስጠው? ቅሉ በዞረ ቁጥር ሰውየው በዓይኑ ብቻ ይከተለዋል። ሄራርዶ አንጀቱ አልቻለም። "ጋሼ፣ እኛ ጋ አመሰግናለሁ የሚባለው ሲበቃ ነው። ዝም ብለው ይመልሱት፣ ይደርስዎታል" አለው። አባቴ ሳቁን አፍኖ አፍኖ መጨረሻ ላይ አልቻለም።

ያ ሳቅ ናፈቀኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ወንዙ ወጣ። የታችኛው ሜዳ ቤቶች እስከ መስኮታቸው ውሃ ውስጥ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ሪባን ቆርጠን ያስረከብናቸው ቤቶች… ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰዉ ሁሉ ስፖርት አዳራሽ ተጠልሏል።

ብርድ ልብስ ይዤ ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ "ሴኞራ ኔሊዳ፣ ያን ጊዜ መቀስ ይዛችሁ ነበር የመጣችሁት። ዛሬ ጀልባ ብትይዙ ምን ነበረበት?" አለችኝ። ዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ሄራርዶ በሬዲዮ። ሳህን እያጠብኩ ነው የሰማሁት።

"ቦታው አስተማማኝ ነው ብሎ ያረጋገጠልን የያኔው መሐንዲስ ኢንጂነር ቤርሙዴስ ነው። ነፍሱን ይማር።"

እጄ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቤርሙዴስ እንደዚያ አላሉም! እኔ እዚያው ነበርኩ። ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ አንዱ ሞተዋል፣ አንዱ ሬዲዮ ላይ ነው፣ አንዷ ሳህን ታጥባለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። መሬቱ የተገዛው ከሄራርዶ የሚስት ወንድም እንደሆነ ዛሬ ጋዜጣ አወጣው። አላውቅም ነበር። ለካ ያን ቀን ችክ ያለው ለዚህ ነው… ምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሟል።

ያ ቀን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ቤርሙዴስ ረጅም ሰው፣ ወንበሩ ላይ ታጥፈው ነው የሚቀመጡት። ማቴ ከጀመሩ ፔርሙዙ እስኪደርቅ አይነሱም። "ኔሊዳ፣ ይሄ ፔርሙዝ ቀዳዳ አለው መሰለኝ" ይሉኛል፣ ሙሉውን ራሳቸው ጠጥተውት። ሥራ ስጀምር ካርታ እንዴት እንደሚነበብ፣ ለትልቅ ሰው "አይሆንም" እንዴት እንደሚባል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ሲያስተምሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር።

ያን ቀንም ከፍ አላደረጉም። "ሄራርዶ፣ ይሄ ሜዳ የወንዙ አልጋ ነው። ለጊዜው ተነስቶ ነው እንጂ ተመልሶ ይተኛበታል። ቤቶቹን ጣቢያው ጋ ሥራቸው። እንግሊዞቹ ሐዲዱን ከፍታው ላይ ያነጠፉት ወደው መሰለህ?"

"ኢንጂነር፣ እኛ ልጆች ከነበርን ወዲህ ወንዙ ወጥቶ አያውቅም" አለ ሄራርዶ።

"ሰውየውን ስማቸው" አልኩት እኔ።

"አንቺም ጀመርሽ ኔሊ?" እየሳቀ። "መሬቱ ተገዝቷል፣ አለቀ።"

ቤርሙዴስ የመጀመሪያዋን ቅል ነበር የያዙት። ጨረሱ፣ ለኔ መለሱ፣ "አመሰግናለሁ" አሉ። ፔርሙዙ ሙሉ ነው! እጄ አየር ላይ ቀረ። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ ቢሮ ውስጥ ማቴ ጠጥተው አያውቁም። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ምክር ቤቱ ለሐምሌ 8 ቀን ጠርቶኛል፤ ደብዳቤው የደረሰኝ ዓርብ ነው። በነጋታው ሄራርዶ ቤቴ መጣ። ሾፌሩን ማዶ አስቁሞ ብቻውን ገባ። ፀጉሩ ሁሉ ሸብቷል፣ በየቀኑ እያየሁት ልብ ሳልለው… ወጥ ቤት ተቀመጠ፣ የድሮ ቦታው።

ቀዳሁለት። ስለ ጣቢያው አወራን። የመጨረሻው ባቡር ያለፈ ዕለት አባቴ ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ እንዴት እንደቆመ። ሄራርዶ ያን ዕለት ከኔ በላይ ነበር ያለቀሰው። እንዴት ደስ የሚል ወሬ ነበር! ለምን እንደመጣ እያወቅኩ እንኳ ደስ አለኝ።

ከዚያ፦

"ኔሊ፣ አላስታውስም በይ። ሌላ ምንም አልልሽም።"

"አስታውሳለሁ እኮ።"

"በኛ ዕድሜ ማን ይታዘብሻል? እኔ ትናንት መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልገው ነበር።"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ከተናገርሽ ማብቂያዬ ነው። ምናልባትም እስር ቤት። እሳቸው እንደሆነ ሞተዋል፣ ምን ይጎዳቸዋል?"

"ሚስታቸው ዶኛ ኦልጋ አልሞቱም።"

"ኔሊ፣ አባትሽ እንደ ልጁ ነበር የሚያየኝ። እሱ ቢኖር…"

"አባቴ ቢኖር እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት የሚሄደው እሳቸው ቤት ነበር። አንተስ ሄደሃል?"

ቅሉን እንድሞላለት ዘረጋልኝ። ውሃው እስኪያልቅ ጠጣና "አስቢበት" ብሎ ወጣ። ቅሉን እጄ ላይ ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ይሄ ሰው ወንድሜ ነው። ሌላ ወንድም የለኝም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ዳቦ ቤት ዶኛ ኦልጋን አገኘኋቸው፣ የቤርሙዴስን ባለቤት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከፊታቸውም ከኋላቸውም ግን ሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። እሳቸው ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ። ተጠግቼ ቆምኩ።

"ኔሊዳ፣ ባሌ እንደዚያ ብሏል?" አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

"አላሉም፣ ዶኛ ኦልጋ። በጭራሽ አላሉም" አልኩ በሹክሹክታ።

አሁን ዞሩ። "ታዲያ ለምን ለኔ ብቻ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ?"

ዳቦ ሳልገዛ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ፋጉንዴስ በር ላይ ጠብቆኝ "ጡረታሽ ደርሷል፣ ሴኞራ። በሰላም ብትወጪ ጥሩ ነው" አለኝ። ካልሲው አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ነበር። እሱን እያየሁ ስለነበር ሌላ ያለውን አልሰማሁትም።

የነገውን ቀሚስ ተኮስኩ። ምን ነበር ቤርሙዴስ እስከዛሬ በሕይወት ቢኖሩ፣ ራሳቸው ቢናገሩ… እኔስ ከሁለቱም ጋር እንደ ድሮው ብቀር…

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ተናገርኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ሄራርዶ ከፊት፣ ዶኛ ኦልጋ ከኋላ። ቤርሙዴስ ያሉትን አልኩ፣ ሄራርዶ የመለሰውን አልኩ፣ እኔ ያልኩትንም። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ስለ መሬቱ ግዢ ሲጠይቁኝ "የማን እንደሆነ ያወቅኩት ከጋዜጣ ነው፣ የማላውቀውን አልናገርም" አልኩ። የተቃዋሚው ወገን ቅር አለው። ይበለው።

ከዚያ ፋጉንዴስ ተነሳ። "ሴኞራ ኔሊዳ፣ እርስዎ በሺህ የሚቆጠር ስብሰባ ተቀምጠዋል። ከአምስት ዓመት በፊት በአፍ የተባለን ነገር፣ የዚያን ቀን መባሉን፣ እንዴት እርግጠኛ ሆኑ?"

"ኢንጂነር ቤርሙዴስ በመጀመሪያው ቅል አመሰግናለሁ ስላሉ።"

"ይቅርታ?"

"ማቴ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ፔርሙዙ ሙሉ ነበር። አንዷን ጠጥተው አመሰግናለሁ አሉ፣ ተነስተው ወጡ።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ቤርሙዴስ? በመጀመሪያው?" አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው እጁ ላይ የነበረውን የራሱን ቅል ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ሰው የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። ፋጉንዴስ ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ሄራርዶን አየሁት። ጣቢያው ላይ ለዚያ ነጋዴ ደንቡን ያስረዳው ልጅ… እሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ደፋ።

ስወጣ ዶኛ ኦልጋ በሩ ላይ ጉንጬን ሳሙኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤቴ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ሚርታ በመጀመሪያው "አመሰግናለሁ" አለች። ዓይኔን አላየችም። ፋጉንዴስ ከነጭራሹ አልተቀበለኝም። የቀረውን ብቻዬን ጠጣሁት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ወደ መካነ መቃብር ጽሕፈት ቤት ተዛውሬያለሁ። "የሥራ ፍላጎት" ይላል። እዚያ ያሉት ቢያንስ በኔ ላይ አቤት አይሉም። መስኮቴ በወይራዎቹ በኩል ነው። አባቴ ሦስት መደዳ ማዶ፣ ቤርሙዴስ ከግንቡ ጥግ። የማውቀው ሰው በዝቶልኛል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ሄራርዶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዷል። የሬዲዮው ዜና ሲያበቃ አንድ የድሮ ሚሎንጋ ዘፈን አደረጉ፣ እሱ ጣቢያው ላይ እየዘለለ የሚያፏጨውን። አጠፋሁት። መልሼ ከፈትኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ፀደይ ነው። በእግሬ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ከሐዲዱ ጎን መሠረት እየቆፈሩ ነው፣ ለታችኛው ሜዳ ሰዎች። ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ገመድ የተወጠረበት መሬት ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። "ይሄ ሳሎኔ ነው፣ ጫማሽን አራግፊ" አለችኝ። ዶሮዋ በሕይወት አለች። የአባቴ አግዳሚ ወንበርም አለ፣ ቀለሙ ለቋል እንጂ። ትንሽ ተቀመጥኩበት። መሃል ላይ ሳይሆን፣ በኔ ጎን።

እሑድ፣ ኅዳር 2

የሙታን ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ሰው አበባ ታቅፎ ይገባል። ዶኛ ኦልጋ በጊዜ መጡ፤ ሰው መንገድ እየሰጠ፣ ኮፍያ እያነሳ ሰላም አላቸው። ሚርታም የእናቷ መቃብር ጋ መጥታ ነበር። ስትወጣ በመስኮቴ በኩል አንድ ሳህን ኬክ አስገባች። "ስኳሩ ትንሽ ነው" ብላ ሄደች።

ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ሄራርዶ መጣ። ሾፌር የለ፣ መኪና የለ። ሁለት እቅፍ አበባ ይዟል። አንዱ ለእናቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

ደጃፌ ላይ ቆመ። "የት ነው ያሉት?" አለኝ።

"ከግንቡ ጥግ" አልኩ በእጄ እያሳየሁ።

ሄደ። በመስኮት አየሁት። ለረጅም ጊዜ ቆመ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ። ሲመለስ በሩን አላለፈውም፤ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የጫማው ክር ተፈቷል።

"ይቅር አላልኩሽም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው። ግን ይቅር አላልኩሽም።"

"አውቃለሁ፣ ሄራርዶ።"

ሌላ ምን ይባላል? ፔርሙዙን ሳብኩ። የመጀመሪያውን እንደ ደንቡ ራሴ ጠጣሁ፤ ከመቼውም በላይ መረረኝ። ሁለተኛውን ሞልቼ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ወይራዎቹን እያየ። ጨረሰ። ቅሉን እንደያዘ ቆየ… እኔ ቃሉን እጠብቃለሁ። በልቤ እሺ ብያለሁ፤ ቢለው ይገባዋል፣ አልከፋም።

እጁን ዘረጋ። ቅሉን መለሰልኝ። ምንም አላለም።

ሞላሁለት። እንደገና መለሰ፣ እንደገና ሞላሁለት። ፔርሙዙ ሲያልቅ ተነስቼ ሌላ ውሃ ጣድኩ።