ቅናታቸውን ያልደበቁት የሰመመን ባለሙያ፦ አቶ ዘመድኩን ወልደማርያም (1956–2017 ዓ.ም.)

አቶ ዘመድኩን ወልደማርያም ከቆሼ በርበሬ እየጫኑ ቡታጅራ ይነግዱ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ወልደማርያም ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ ኃብቴ ሐምሌ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. ቡታጅራ ከተማ ተወለዱ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በ1979 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። ቆሼ ጤና ጣቢያ ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣ የሚሰጥበትን የሰመመን ሙያ ተማሩ። በ1988 ዓ.ም. ከአዋላጅ ነርስ ትርሲት መንግሥቱ ጋር ትዳር መሥርተው ብሩክታዊትንና ናሆምን ወልደዋል። በ1998 ዓ.ም. ወደ ወልቂጤ ሆስፒታል ተዛውረው እስከ ጡረታቸው እዚያ ሠርተዋል።

አቶ ዘመድኩን ከመሞታቸው በፊት ለባለቤታቸው፣ “መልካሙን ብቻ እንዳታስነብቢብኝ፤ የሙባሪክንም ነገር አስገቢው” ብለው አደራ ሰጥተዋል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው የተጻፈው በአደራቸው መሠረት ነው።

እግሩ ወይም ዳሌው የተሰበረ ሰው ሲመጣ ሕመሙን ለማስታገስ ነርቩን ማደንዘዝ ያስፈልጋል። አቶ ዘመድኩን ይህን ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም ማሳያ መሣሪያ ሠርተዋል። ብሽሽት ላይ የደም ቧንቧውን ትርታ በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ከጎኑ መርፌውን ያስገባሉ። ከአረቅጥና ከቆሼ ሳይቀር “የዘመድኩን እጅ ይሁንልኝ” የሚል ሕመምተኛ ይመጣ ነበር። እሳቸውም ይህን መስማት ይወዱ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሙባሪክ ሸረፋ የሚባል ወጣት የሰመመን ባለሙያ ተመድቦ መጣ። የቡታጅራ ልጅ ነው፤ አልትራሳውንድ አጠቃቀም በደንብ ተምሯል። መርፌው ሥጋውን አልፎ ሲሄድ፣ መድኃኒቱም ሲፈስስ በስክሪን ያሳያል። ሐኪሞቹ ሊያዩ ይሰበሰቡ ጀመር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አቶ ዘመድኩን ምሳቸውን ለብቻቸው ይበሉ ነበር። ቤት ሲገቡም፣ “ዛሬ ደግሞ ሲኒማ አሳየን” ይሏቸው ነበር ወይዘሮ ትርሲትን። አቶ ዘመድኩንም አልትራሳውንዱን ተማሩ፤ መርፌያቸውን ግን ከለመዱት ቦታ አላነሱም።

በ2013 ዓ.ም. ሁለቱን ዘዴዎች በአርባ የዳሌ ስብራት ሕመምተኞች ላይ እንዲያወዳድሩ ተወሰነ። ሁለቱም በአልትራሳውንድ የሚሠሩ ናቸው። አቶ ዘመድኩን ከብሽሽት በታች፣ ዋናው ነርቭ አጠገብ ይወጋሉ። ሙባሪክ ከብሽሽት በላይ ከጡንቻው ሽፋን ሥር ብዙ መድኃኒት ያፈስሳል፤ መድኃኒቱ ተሰራጭቶ ሌሎቹንም ነርቮች እንዲያገኝ ነው። ለማን የትኛው እንደሚሠራ በዕጣ ይለያል። ከስድስት ሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ሕመምተኛውን “ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?” ብላ ጠይቃ መልሱን ትመዘግባለች።

ነርሷ በቀረችበት ቀን መዝጋቢው አቶ ዘመድኩን ሆኑ። ወይዘሮ ከድጄ የሚባሉ የአረቅጥ አሮጊት ተኝተዋል፤ የሠራላቸው ሙባሪክ ነበር።

“ሕመሙ ስንት ነው፣ እማማ?”

“ኧረ አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ሁለትም አይሞላ። ያ ልጅ እጁ ይባረክ።”

አቶ ዘመድኩን ቅጹ ላይ “ሰባት” ብለው ጻፉ።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳይነኩ ተነሥተው ሙባሪክን ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ጠበቁት።

“የከድጄን ቁጥር የጻፍኩት በውሸት ነው። ሁለት ነው ያሉኝ።”

“ለምን፣ ጋሽ ዘመድኩን?”

“ቀንቼብህ።”

ሙባሪክ፣ “በእኔ ላይ ቢሆን ይቅር እል ነበር፤ እርስዎ ግን ነገ ዳሌዋ በሚሰበር ሴት ላይ ነው የጻፉት” ብሎ ገባ። ለአለቆቻቸው ነገረ፤ አቶ ዘመድኩን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ከመዝገቡ ሥራ ተነሡ። ሦስት ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም።

ውጤቱ ሲወጣ፣ የእሳቸው ዘዴ ቶሎ የሚይዝና በጥቂት መድኃኒት የሚሠራ ሆነ፤ የሙባሪክ ግን ለዳሌ ስብራት ሕመሙን አብልጦ ያስታግስ ነበር። አቶ ዘመድኩን ወረቀቱን ቤት ይዘው መጥተው የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ለወይዘሮ ትርሲት ደጋግመው አነበቡላቸው። ወይዘሮ ትርሲትም፣ “ከሥሩ ያለውንስ?” አሏቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ። በዚያው ሳምንት ሙባሪክ ዘንድ ሄደው፣ “ያንተን አሳየኝ” አሉት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሕክምና ሙያ የቆዩት ሰው ከልጁ ጎን ቆመው ከብሽሽት በላይ መውጋትን ተማሩ፤ በኋላም ቡታጅራ ድረስ እየሄዱ ሌሎችን አስተማሩ። ሠልጣኞቹ “ሙባሪክ ግን እንዲህ ነው የሚይዘው” ሲሉ ፊታቸው መጥቆሩ አልቀረም።

በስኳር ሕመም ምክንያት ዘንድሮ ጥር ላይ የግራ እግራቸው መቆረጥ ነበረበት። ማን ይሥራልዎ ሲባሉ “ሙባሪክ” አሉ። ከጉልበታቸው በስተጀርባ ነርቩን ሲያደነዝዝ ስክሪኑን ወደ እሳቸው እንዲያዞርላቸው ለመኑት፤ መርፌውን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ምንም ሳይሰማቸው ወጡ። ለባለቤታቸው ግን፣ “እኔ ብሆን ከዚህ ቀድሜ አስይዘው ነበር” ማለታቸው ተሰምቷል።

በኋላ ኩላሊታቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት እኅታቸውንና ያስተማሯቸውን በርካታ ባለሙያዎች ትተው ሄደዋል። ጥፋታቸውን እሳቸው በሰው ፊት ገልጠዋልና ፈጣሪ በፊቱ ይሸፍንላቸው፤ ነፍሳቸውንም ሕመም በማይቆጠርበት ስፍራ ያሳርፍልን።