ማርስ ላይ ስለወደቀው መንኮራኩር

ለምወድህ ወንድሜ ለአንዱዓለም፦ ሰላምታዬ ካለህበት አገር ይድረስህ። እማምዬም እኔም ደህና ነን፤ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ተማሪዎቹ ስለተመለሱ የማጸዳው ክፍል በዝቷል።

አንድ ነገር ደብቄህ ከረምኩ። የሠራችሁት መንኮራኩር ማርስ ላይ ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በማርያም ማኅበር ላይ «የወንድሜ መንኮራኩር በሰላም አረፈ» ብዬ ተናገርኩ። እልል አሉልኝ። መከስከሱ በሬዲዮ ሲሰማ ከማኅበርተኞቹ እትዬ ማሬ «ምነው ዝናሽ፣ ያንቺው ነው እንዴ የተፈጠፈጠው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም «የእሱስ ሌላ ነው» ብዬ ካድኩህ።

መምህራኑ ከሚጥሉት ወረቀት እየለቃቀምኩ ስለ ነገሩ አነበብኩ። የምድር ትእዛዝ እስኪደርሰው ስለሚዘገይ፣ ሲወርድ ከፍታውን ራሱ ለክቶ ራሱ ይወስናል። ያ መለኪያ ያንተ ሥራ ነበር። ገና አየር ላይ ሳለ መሬት የነካ መስሎት ሞተሩን አጠፋ ይላሉ። እኔም ሳያርፍ አረፈ ያልኩ ነኝና ልፈርድበት አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ስልክህ ይጠራል እንጂ አይነሳም፤ ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ትናንት እትዬ ማሬ ቤት ሄጄ «የወደቀው የወንድሜ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። «ልጁስ እንደምን ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጻፍልኝ።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ባለህበት ይጠብቁህ።

እህትህ ዝናሽ