«የሚቃወም?»

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ሳልህስ ለቀቀህ ወይ? እኔና እማዬ ደህና ነን። ጉልበቷን ያማታል፤ እሱንም «እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም» እያለች ታልፈዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬህ ዛሬ ብዕር ማንሳቴ ሳይገርምህ አይቀርም። እኔንም ገርሞኛል።

የፓርቲያችሁን ጉባኤ በቴሌቪዥን አየሁት። ፖለቲካው ገብቶኝ እንዳይመስልህ። የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከካውያዬ ፊት ለፊት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሪሞቱን ከኪሱ አያወጣም። የመጀመሪያውን ቀን ሸሚዝ እየተኮስኩ በግማሽ ዓይኔ ነበር ያየሁት። በሁለተኛው ቀን ግን ጭብጨባው ያዘኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ ቀድሞ የሚያቆመው ማነው? ሁሉም ጎን ጎኑን ያያል። አንድ ወፍራም ሰውዬማ መዳፉን ሳያገናኝ ሲያጨበጭብ አይቼ ሳቄ አመለጠኝ። ደግሞስ የምትጽፉት ምንድነው? ተናጋሪው «እንደምን ዋላችሁ» ሲል እንኳ ትጽፋላችሁ!

አንተንም ያየሁህ ያን ቀን ነው፤ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአንዲት ሴትዮ ጎን። ከስተሃል። መነጽር ጀምረሃል። ኮሌታህን ማን እንደሚተኩስልህ አላውቅም፤ ብቻ አይችልበትም። ለእማዬ ደውዬ ስነግራት «ይስቃል?» አለችኝ። «ያጨበጭባል» አልኳት። «አጨብጫቢ» ብዬ ከቤት ያስወጣሁህ ቀን ትዝ ሳይላት አልቀረም።

በሦስተኛው ቀን እያነከሰች ላውንደሪው ድረስ መጣች። ከልብሱ ክምር አጠገብ ወንበር አደረግንላት። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ሲል አዳራሹ ካርድ በካርድ ሆነ። «የሚቃወም?» ሲል ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር። አንድ ካርድ ወጣ። ካሜራው ወዲያው ወደ መድረኩ አበባ ዞረ፤ ግን እጁን አይቼዋለሁ። ሌባ ጣቱ ጫፍ የለውም። በልጅነታችን እንጨት ስንፈልጥ የቆረጥኩብህን ጣት እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው?

ባለቤቱ «ማነው ይሄ ደፋር?» አለ። እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እናት የለውም እንዴ እሱ?» አለች። በክምሩ ስር ግን እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ።

ለመሆኑ አስበህበት ነው ወይስ እጅህ ቀደመህ? ከጎንህ የነበረችው ሴትዮስ ምን አለችህ? አዳራሹ ምን ዓይነት ድምፅ አሰማ? ቴሌቪዥኑ ሙዚቃ ስለከፈተበት አልሰማንም። ስተኩስ የምውለው ይህንኑ እያሰብኩ ነው።

ትናንት ሁለት ሰዎች መጡ። ልብስ አልያዙም። ትደውል እንደሆነ፣ ትመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ተጣልተናል፤ ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም» አልኳቸው። ጎረቤታችንንም ጠየቁ፤ የተጣላን ዕለት ጩኸታችንን ሰምቶ ነበርና በሙሉ አፉ መሰከረልን። እውነት መናገር እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህን ሰው እመነው። መልስ አትጻፍ። የጓሮው በር ሲከፈት ይጮህ ነበር፤ እማዬ ዛሬ ጠዋት ዘይት ስትቀባው አገኘኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከፊትም ከኋላም ጠባቂ አይለይህ። የረገጥከው ይለምልምልህ ብላለች እማዬ። እኔ «አጨብጫቢ» ስላልኩህ የምለው ቢኖረኝም ወረቀት ላይ አይሆንም።

ታላቅ እህትህ