ሞላሌ ገበያ፣ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ

ጌታነህ ሆዴ፣

ትተኸን ከሄድክ ዓመት አለፈ። ተዝካርህን አውጥተናል፤ ጠላው ግሩም ነበር፣ የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ። ልጅህ ዘነበች ወልዳለች። ሴት ናት፤ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው፣ ምን ይደረጋል! የሽመና ዕቃህም እንደተተከለ ነው፤ ያጋመስከው የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናው፣ ከነክሩ አለ። ልጆቹ እናንሳው ቢሉ እምቢ አልኳቸው።

ትዝ ይልሃል፣ የፈተልኩትን የበግ ጠጉር ይዤ ሞላሌ ስመጣ ከጥዱ ሥር ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቅ ነበር? መጀመሪያ ሳይህ አስጠላኸኝ። ጥርስህ ገጣጣ፣ ነገርህ ብዙ፤ ፈትሌን እየጎተትክ ወፈረ ቀጠነ ስትል እርር ብዬ ነበር የምመለስ። ግን በየገበያው እዚያው ነህ። አንድ ገበያ ቀረህና ዓይኔ ድንጋይዋን ሲያይ ዋለ። ፈትሌን ለማንም ሳልሸጥ ተመለስኩ፤ እናቴ ምን ነካሽ ብትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት። በሚቀጥለው ገበያ ስትመጣ ያ ገጣጣ ጥርስህ እንዴት አማረብኝ! ደጋግሜ ስላየሁህ ነው እንጂ ሌላ ምን አደረግህልኝ?

አሁን የምጽፍልህ ጭንቅ ቢለኝ ነው። ድንጋይህ ላይ ከራቤል የመጣ ሌላ ሸማኔ ተቀምጧል፣ እሱም ሚስቱ የሞተችበት። መጀመሪያ ቀን ጎትቼ ባስነሳው ደስ ባለኝ። እሱ ግን ባየኝ ቁጥር እንደምን አደርሽ ይላል፤ እኔም ለነፍሴ ብዬ እመልሳለሁ። ባለፈው ገበያ ቀረ። ዓይኔ ፈለገው፣ ጌታነህ። ማንን እንደምፈልግ ሲገባኝ ክው አልኩ፤ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ገባሁ። ቤት ገብቼ ፊትህን ላስታውስ ብል ጥርስህ መጣ፣ ዓይንህ ቀረ። ፎቶ አልወድም እያልክ ጉድ ሠራኸኝ።

ትናንት ሰውየው ተመልሶ መጣ፤ አሞት ኖሯል። እግዜር ይማርህ አልኩት፣ እሱ ምን አጠፋ? ድንጋዩ የማን እንደሆነ ግን ስምህን ጠርቼ ነገርኩት። ፈትሌን ለሌላ እሸጣለሁ፣ ለሱ አልሸጥም። ዓይኔን አላምነውም፤ ያየውን ይለምዳል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምፈትለው ካጋመስከው ባና ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። ዓይንህ እስኪመለስልኝ እዚያ እቀመጣለሁ። ባይመለስም እቀመጣለሁ።

ያንተው አስካለ