ስድስት ጠጠር

ጥቅምት 21 ቀን
ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለድንቡሼ እናት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ደኅና ነው? ድንቡሼ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ብቻ ነው ቤቱን የሚገዛው? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደኅና ነው፣ ወገቤ ደኅና ነው፣ ያ ሳልም ለቆኛል። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ፊደሉ ለምን እንዲህ ገዘፈ ትይ ይሆናል። ሱቅ ያገኘሁት እስክሪብቶ ወፍራም ሆኖብኝ ነው ልልሽ ነበር፤ ግን ደብዳቤ በውሸት መክፈት አስጠላኝና ተውኩት።

ባለፈው በስልክ ሁለት ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። አንደኛው፣ «አባዬ፣ መቼ ነው ከተራራው ወርደህ እኛ ጋ የምትመጣው?» ሁለተኛው፣ «በላክሁልህ ፎቶ ላይ ልጁ ማንን ይመስላል?» ለመጀመሪያው እንደ ልማዴ «አንድ የአደን ወቅት ብቻ ታገሺኝ» አልኩሽ። ለሁለተኛው «ቁርጥ እናትሽን» አልኩሽና ስታለቅሺ ሰማሁ። ሁለቱም መልስ ልክ አልነበረም። በስልክ ላርመው ብል ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

አንቺ ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ግን ይህን ባልሽም ያነበው ይሆናልና ከሥሩ ልጀምር። እኛ ተራራ ላይ አውራ የዱር ፍየል የሚታደነው ካረጀ ብቻ ነው። አሥር ዓመት የሞላው፣ መንጋውን ለጎረምሶቹ ለቆ ብቻውን የሚውለው ማለት ነው፤ ቢተዉትም ከዚያ ወዲያ አንድ ወይም ሁለት ክረምት ቢያይ ነው። ከአሥር በታች ያለው ገና የመንጋው አባት ስለሆነ አይነካም። ዕድሜው የሚታወቀው በቀንዱ ነው። በየዓመቱ በቀንዱ ጎን አንዲት ቀጭን መስመር ትጨመርበታለች። ከፊት ለፊት ያሉት ትልልቅ ጉጦች ለዓይን ያምራሉ እንጂ ዕድሜ አይናገሩም፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እነሱ ላይ ነው።

እኔና ዝምተኛው አጎትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ደንብ ነበረን። በርቀት መነጽሩ በየተራ እናያለን፣ ለየብቻችን እንቆጥራለን፣ በቆጠርነው ልክ ከመሬት ጠጠር እናነሳለን። ቃል አንተነፍስም፤ የዱር ፍየል ጆሮ አይጣል ነው። ከዚያ እጃችንን እኩል እንዘረጋለን። ጠጠሩ እኩል ካልሆነ ጥይት የለም። ከፍሎ ሊያድን የመጣው፣ እኛ የምንመራው እንግዳ የፈለገውን ያህል ቢያኮርፍ፣ ወርደን ሾርባችንን እንጠጣለን።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ በዝምተኛው ስቀልድበት ነበር፤ ታስታውሻለሽ? «አርጅቷል» ብዬሽ ነበር። «እኔ አሥራ አንድ ስል እሱ ስምንት ይዘረጋል። ከዚያ እንደ አጥፊ ተማሪ አቀርቅሮ፣ ‹የተሳሳትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ለማንኛውም እንተወው› ይላል» ብዬሽ ነበር። አንቺም ስቀሽ «ለአጎቴ መነጽር ግዛለት» አልሽኝ። ይቺን ነገር ያዥልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የዘንድሮው የመጨረሻ እንግዳችን የጥርስ ሐኪም ነበር። ወፈር ያለ፣ ሳቂታ፣ ስታናግሪው ዓይንሽን ሳይሆን አፍሽን የሚያይ ሰው። ከሁለተኛው ድንኳን በላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሃያ እርምጃ ሄዶ ቆሞ መተንፈስ ነው። ሐኪሙ በየሃያው እርምጃ በትሩ ላይ ተደግፎ፣ «ሥራዬ የሰው አፍ ማስከፈት ነበር፤ ዛሬ የእኔው ተከፍቶ ቀረ» ይለኛል። ወደድኩት። ሲደክመው የሚያማርር እንግዳ ሞልቷል፣ ሲደክመው የሚያስቅ ግን ብዙ አይገኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዝምተኛው ልቅ ድንጋይ ላይ አንሸራትቶት ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ደግፈን ድንኳኑ ጋ፣ በቅሎዋ አጠገብ አስቀመጥነው።

«ዛሬ ይቅር» አለኝ።

«ነገ በረዶ ይገባል። ሰውዬው ደግሞ ከነገ ወዲያ ተመላሽ ነው» አልኩት።

«ብቻህን አትቁጠር።»

በሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። ደሜ ፈላ። በእንግዳ ፊት፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሳሳት የኖርከው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም» አልኩት። አየኝ። ከዚያ የበቅሎዋን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመረ። ኮርቻው ግን አልላላም ነበር።

ቀትር ላይ ፍየሎቹን ከገደሉ ማዶ አገኘናቸው። አምስት ነበሩ፣ አንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ ቆልመም ያለ ረጅም ነው። መነጽሩን በሦስት እግሩ አቁሜ ተንበርክኬ አየሁ። ጭጋግ ያለ መሰለኝና መስተዋቱን በሻርቤ ጠረግኩት። ሦስት ጊዜ ጠረግኩት፣ ጭጋጉ ግን አልሄደም። የተራራ አየር ነው አልኩ። ቆጠርኩ፣ አሥር መጣልኝ። አሥር ጠጠር አንስቼ፣ በልማድ እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ። የሚዘረጋልኝ ሌላ እጅ አልነበረም። እጄ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየሁና ጠጠሩን ኪሴ ከትቼ ለሐኪሙ በራሴ ነቀነቅኩለት።

አንድ ጥይት ነው የተኮሰው፣ እንስሳው አልተሰቃየም። ገደሉን ዞረን እስክንደርስ አንድ ሰዓት ፈጀብን። እንደ ደንባችን መጀመሪያ እኔ ተንበርክኬ ቀንዱን ያዝኩ። በጣቴ ጎኑን ዳሰስኩት። ስድስት። እንደገና ከሥር ጀምሬ ዳሰስኩት። ስድስት። ሌላኛውን ቀንድ ያዝኩ፣ እሱም ስድስት ነው። በመነጽር የቆጠርኩት የፊቱን ጉጦች ኖሯል፤ የጀማሪን ስህተት ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ በኋላ ተሳሳትኩት። ልጄ፣ ገላው ገና ይሞቅ ነበር። 

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ ሐኪሙ ከኋላዬ ቆሞ፣ ደስ ብሎት።

አሥር ብዬው ቢሆን እሱም አሥር ብሎ ይሄድ ነበር። እዚያ ላይ ከእኔና ከሞተው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አሥር ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ያንን ቀንድ እንደያዝኩ ግን ቃሉ አልወጣልህ አለኝ።

«ስድስት» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ያልኩዎትን ነው ያደረጉት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው። «እኔም አንድ ጊዜ የአንዲት ሴትዮ ጤነኛ ጥርስ ነቅያለሁ» አለኝ።

«ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ነገርኳት።»

«እሷስ?»

«በጥፊ አጮለችኝ።»

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ከጎኔ መጥቶ በርከክ አለና እንደ በሽተኛ ትክ ብሎ አየኝ፤ በዚህ ጊዜ አፌን ሳይሆን ዓይኔን። «አባቴ፣ ዓይንዎን ከታዩ ስንት ጊዜዎ ነው?» አለኝ። ታይቼ እንደማላውቅ ነገርኩት።

ስንወርድ ከኪሴ አራቱን ጠጠር ጣልኩ። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ዝምተኛው እንደተውነው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ምንም ሳልል እጄን ዘረጋሁለት። ስድስት ጠጠር። አየውና፣ «ስንት ብለህ ነበር?» አለኝ።

«አሥር።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በአንድ ዓመት የሚናገረውን በአንድ ጊዜ ተናገረ። «ከካቻምና ጀምሮ ነው። በመጀመሪያ በአንድ፣ በሁለት ነበር የምትስተው። ዘንድሮ በጣም ባሰብህ።»

«አውቀህ ነው? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትወርዳለህ። አንተ ከወረድክ እኔ ከማን ጋር ነው የምወጣው?»

እንዲህ ነው ልጄ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሳሳት የኖርኩት እኔው ነኝ። እሱ የእኔን ስህተት በራሱ ላይ ጭኖ፣ በእንግዳ ፊት ስሳለቅበት ዝም ይል ነበር። ለአንቺም ጽፌ አሳቅኩሽ። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ሾርባው ይቀዘቅዛል» ብሎኝ ፊቱን አዞረ። አንቺም በሚቀጥለው ስትደውዪ አናግሪው። አይመልስልሽም፣ ግን አናግሪው።

ቀንዱን ይዤ የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊዋ ለካችው፣ ቆጠረችው፣ መዝገቧን አገላበጠች። «በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ስህተት ነው። አንድ ወቅት ታግደው ይመለሳሉ» አለችኝ፤ ደግ ሴት ናት። የመሪነት ፈቃዴን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ቀንዱ አጠገብ አኖርኩላት። «አልመለስም» አልኳት። ደረጃውን ስወርድ፣ ሽቅብ ስወጣ የኖርኩበት እግር ቁልቁል ጠፋበት። የርቀት መነጽሩን ለዝምተኛው ሰጠሁት። «አብሮኝ የሚቆጥር ሳይኖር ምን ያደርግልኛል?» አለና ተቀበለኝ። እሱም ከዚህ ወዲያ የሚወጣ አይመስለኝም።

የጥርስ ሐኪሙ እጄን ይዞ የዓይን ሐኪም ጓደኛው ጋ ወሰደኝ። የዓይን ሐኪሙ የዓይን ሞራ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር አለ። የግራው ዓይኔ ጊዜው አልፎበታል። ቀኙ በቀዶ ጥገና ይሞከራል፣ ተስፋ አለው፣ ግን ቃል አልገባልኝም። ቶሎ ይሁን ነው ያለው። የተሻለ መሣሪያ ያለው አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው አለኝ። አትደንግጪ። እኔ ደንግጬ ጨርሻለሁ፣ ለሁለታችን ይበቃል።

አሁን ወደ ፎቶው ልመለስ። በደረሰኝ ቀን መስኮቱ ጋ ወስጄው ነበር። አንቺ ቆመሻል፣ ነጭ ነገር አቅፈሻል፤ ነጩ ውስጥ ፊት እንዳለ አውቃለሁ፣ አላየሁትም። ዝምተኛውን «እንዴት ያለ ልጅ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ብዙ አየና «ሕፃን ነው» አለኝ። ከዚያ አንቺ ደውለሽ ስትጠይቂኝ፣ እናትሽን ነፍሷን ይማርና፣ እሷን ቢመስልሽ ደስ እንደሚልሽ ስለማውቅ እንደዚያ አልኩሽ። ያስለቀስኩሽ በግምት ነው፤ ይቅር በይኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ይኸውልሽ፦ እመጣለሁ። ቲኬቱን ቁረጪልኝ። ቤታችሁ ደረጃ ካለው እጄን ያዥኝ፤ በሰው ፊት ግን አትያዥኝ። ዶክተሩ ጋ ስንሄድ እንዳታለቅሺ። ከተማችሁ ሜዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ግድ የለም፣ አንቺ ካለሽበት ከፍታ አያምረኝም።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ክፉ አይንካሽ፣ ክፉ አይንካቸው። የልጅሽን ልጅ እቅፍ አድርገሽ በጤና ለማየት ያብቃሽ።

የሚወድሽ አባትሽ

ይህንንም ልጨምር፦ ፖስታው ላይ አድራሻሽን እንዲጽፍልኝ ዝምተኛው ጋ ሄጄ ነበር። ፎቶውን ከኪሴ አውጥቼ እንደገና ሰጠሁት። ከብርሃኑ ፊት ይዞት በጣም ቆየ። ከዚያ «አገጩ ያንተ ነው» አለኝ። ይሄ የእሱ ጠጠር ነው። ደንባችን ግን ሁለት ሰው ለየብቻው ካልቆጠረ አይሆንም ይላል፤ ስለዚህ ስመጣ ጭኔ ላይ አስቀምጪልኝና ፊቱን በጣቴ እዳስሰዋለሁ። የእኔን ያን ጊዜ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ብርድ እንዳያገኘው አገጩን ሸፍኝልኝ።