ለኦቦ ቶሎሳ የማይደርሰው መልእክት

ማክሰኞ

አሁንም አልደረሳቸውም። ለእኔ ደርሷል፤ ለኦቦ ቶሎሳ ግን የለም።

ከእንግዳ ተቀባይዋ ከሃናን የተዋስኩትን የፀጉር ማድረቂያ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ ላይ ደገንኩ። ሙቀቱ ወጣ፣ የታካሚዎች መዝገብ ያለበትን ሰርቨር የሚጠብቀው ፕሮግራም ቀይ አበራ፣ ስልኬ ጮኸ። የሆስፒታሉን ግቢ በሩጫ አቋርጬ ጀነሬተር ቤት ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መልእክት መጣልዎት ወይ ስላቸው ስልኩን አወረዱና ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ምንም የለም። ይባስ ብለው እኔኑ አጽናኑኝ፤ «አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ ይመጣል» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከሩቅ አገር የሚጠበቅ እንግዳ ያለ ይመስል።

እንዲህ የምበሳጨው ለሰርቨር ብዬ አይደለም። እሁድ አቦምሳ ከተማ የሮማን ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። ሮማን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት። ልጅ እምቢ ባላት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ስወልድ የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ ትለኝ ነበር። ይኸው ወለደች። ሰማንያ ቀን ደግሞ ሰርቨር ታመመ ተብሎ አይራዘምም።

ችግሩ ባለፈው ሰሞን የሆነው ነው። አንድ እሁድ የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ሲቆም እኔ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬንም አጥፍቼው ነበር። ክፍሉ ጋለ፣ ሰርቨሩ ራሱን ዘጋ፣ የታካሚ ካርድ ማውጣት አልተቻለም። ሰው ሕመሙን ይዞ እስከ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ዘነበች ያሉት ልክ ነው፤ «ከከተማ ስትወጪ ማሽኑ የሚጠራው ሌላ ሰው ይኑር። ያ ሰው መስማቱን እኔ በዓይኔ ልይ፣ ከዚያ ሂጂ።»

ያ ሰው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። የጀነሬተሩ ሠራተኛ፣ ቤታቸው ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ፣ ኤሲውንም መብራቱንም የሚያውቁ፣ ከቦታቸው የማይጠፉ። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ መልእክት አይከፍቱም። ስለዚህ ለእሳቸው የሚሠራውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱን፣ ስጽፍ መጀመሪያ አንዴ ደውሎ እንዲዘጋ፣ ከዚያ ምን እንደተበላሸ በጽሑፍ እንዲልክ አደረግሁት። ስልኩ ሲጮህ ያዩታል ብዬ። የእኔ በኢንተርኔት ነው የሚመጣው። የእሳቸው ስልክ ባለቁልፉ ስለሆነ ሲም ካርድ ባለበት ሞደም በኩል ነው።

ረቡዕ

የተጠረጠሩ፦

የስልክ ቁጥራቸው። አመሳከርኩት፣ ልክ ነው።

ስልካቸው በማስታወቂያ መልእክት ሞልቶ ይሆናል። በእርግጥም ሞልቷል። አስፈቅጄ ስሰርዝ ሻሸመኔ ያለችው ልጃቸው የላከችው የበዓል መልእክት ተገኘ፣ ሳይከፈት። አነበብኩላቸው። እስቲ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ሦስተኛውን ጊዜ እሳቸው ሳይጠይቁኝ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ፈገግ እያሉ ወጥተው የጀነሬተሩን ዘይት ለኩ፣ ጠዋት የለኩትን።

ፈቃድ። ስክሪፕቱን እኔ ራሴ ሳዘው ምንም አይከለክለውም፤ ፕሮግራሙ በራሱ ስም ሲያዘው ግን የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ሎጉን፣ መንካት አይፈቀድለትም። አገኘሁህ አልኩ! አስተካከልኩ። ደስታዬ ግን እስከ ሻይ ሰዓት እንኳ አልቆየም። አሁን ሎግ ይጻፋል፤ የሚለው ግን «ስህተት» ብቻ ነው። እሱንማ እኔም አውቄአለሁ።

ሃናን የፀጉር ማድረቂያዋ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀችኝ። ለዓርብ ፀጉሬን ልሠራበት ነበር አለች። ነገ አልኳት።

ሐሙስ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጠዋት ስክሪፕቱን ሙሉ በሙሉ እንደገና ልጻፈው ብዬ ተነሳሁና የሚሠራውንም የእኔን ማስጠንቀቂያ አበላሸሁት። እስከ ምሳ እሱኑ ስጠግን ዋልኩ።

ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ሞከርኩ። በኦቦ ቶሎሳ ቁጥር ፈንታ የራሴን ቁጥር አስገባሁ። ሞደሙ ደወለልኝ፣ ዘጋ፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ጽሑፉ ከተፍ አለ። ደገምኩት፣ መጣ። የእሳቸውን መለስኩ፣ «ስህተት»። ይኼ ሞደም ኦቦ ቶሎሳን በግል ይጠላቸዋል ማለት ነው? ማን ይጠላቸዋል እሳቸውን!

ሞደሙን ሰደብኩት፣ በመስኮት በኩል አስቀመጥኩት፣ አጥፍቼ አበራሁት። እሱ ግን ያው ነው።

ሮማን ደወለች። ከጀርባዋ ልጅቷ ትነጫነጫለች። ትመጫለሽ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት፣ ሳላውቅ። ካልቻልሽ ዛሬ ንገሪኝ፣ የባሌ እህት ታነሳታለች፣ አልቀየምሽም አለችኝ። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። እመጣለሁ ብዬ ዘጋሁና ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ ብቸኛው ቀዝቃዛ ቦታ እሱ ነውና፣ ትንሽ አለቀስኩ።

ዓርብ

ተገኘ። ተገኘ!

እንደ ሌላው ቀን ሰርቨር ክፍል ሆኜ በመሞከር ፈንታ ላፕቶፔን ይዤ ጀነሬተር ቤት ሄድኩና ኦቦ ቶሎሳ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሃናን፣ እግዜር ይስጣትና፣ ማድረቂያውን እኔን ተክታ ያዘች። የኦቦ ቶሎሳ ስልክ አንዴ ጠራና ተቋረጠ። አሁን ጽሑፉ መምጣት አለበት ብዬ አፍጥጬ ሳይ፣ ኦቦ ቶሎሳ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው በትዕግሥት መጠበቅ ጀመሩ።

ማን ጋ እየደወሉ ነው አልኳቸው።

«አንድ ሰው ሚስኮል አድርጎልኝ ነው። ሰሞኑን ሁሉ ይደውላል፣ ሳላነሳው ይዘጋዋል። ካርድ የሌለው ችግረኛ ይመስለኛል። መልሼ ስደውልለት ደግሞ አያነሳም።» ስልኩን ሳያወርዱ ጨመሩ፣ «በጸሎቴም አስቤዋለሁ።»

ላፕቶፔ ላይ «ስህተት» የሚለው ወጣ።

ሞደሙ ደውሎላቸው ሊጽፍ ሲል እሳቸው እየደወሉለት መስመሩ ይያዛል። እኔ በራሴ ቁጥር ስሞክር የሚሠራው ሚስኮሉን የማልመልስ ባለጌ ስለሆንኩ ነው። ሚስኮል ላደረገ ሰው ተመልሶ እንደሚደወል በማያውቅ አገር ያደግሁ አይደለሁም፤ ስክሪፕቱን ስጽፍ ግን አላሰብኩትም። ማሽኑ እንደሚደውልም አልነገርኳቸው፤ መልእክት ይመጣል ነው ያልኳቸው። በአይጥ በደል ዳዋ ተመታ፤ ሞደሙን ይቅርታ ጠየቅሁት።

እንባዬ እስኪመጣ ስስቅ ኦቦ ቶሎሳ ግራ ገባቸው። ያ ችግረኛ የእኛው ሣጥን ነው ብዬ ሳስረዳቸው መጀመሪያ የተናገሩት፣ እንኳን ሰው አልሆነ፣ ሌላ ቦታ የተቸገረ የለም ማለት ነው የሚል ነበር። ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ እንዴት እንደምወዳቸው ለካ አላውቅም ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። መጀመሪያ ጽሑፉን ይላክ፣ ከዚያ ይደወል። መልሰው አይደውሉ ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ለምን? ይደውሉ እንጂ! ከእሳቸው ቁጥር ጥሪ ሲመጣ ሞደሙ ለእኔና ለወይዘሮ ዘነበች «ኦቦ ቶሎሳ ሰምተዋል» ብሎ እንዲልክ ጨመርኩበት። የሞደሙን ቁጥርም ስልካቸው ላይ መዘገብኩ። በማን ስም ልጻፈው ስላቸው በአንቺ ጻፊው አሉኝ።

ከሰዓት ወይዘሮ ዘነበች ማድረቂያውን ራሳቸው ያዙ፣ የዓርብ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ። የእኔ ስልክ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ሁለታችንም ጋ ጮኸ፤ ኦቦ ቶሎሳ ሰምተዋል። ወይዘሮ ዘነበች ስልካቸውን ሁለቴ አነበቡ። ከዚያ በመስኮቱ ኦቦ ቶሎሳ የመሣሪያ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ግቢውን ሲያቋርጡ አዩ። ለልጅቷ ነጠላ ገዝተሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሂጂ ማለታቸው ነው።

ሃናን ፀጉሯን ሳትሠራ ወደ ቤቷ ሄደች። ካሳ አለብኝ።

ቅዳሜ

መንገድ ላይ። ሚኒባሱ ይጋላል፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መጋረጃውን ለእኔ ነው የሳቡልኝ። ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። በመጣ ቁጥር ስልኬን አያለሁ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ሰላም ይሁን ብልሽት በምን ይታወቃል? የፈተንኩት በፀጉር ማድረቂያ ነው። እውነተኛ ሙቀት ሌላ ነው።

አቦምሳ ገባሁ። ሮማን ከስታለች፣ አምሮባታል። ልጅቷን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሕፃኗ ጣቴን ይዛ አለቅም አለች። ስለ ሰርቨር ማሰብ አቃተኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሳምንት።

እሁድ

ስልኬን ሮማን ቤት ትቼው ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት። ልጅቷ ውኃው ሲነካት አንዴ ብቻ ጮኸችና ዝም አለች። ቄሱ ስሟን ሲጠሩ፣ ወለተ ማርያም፣ ሮማን ከኋላዬ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት። እኔም አልቻልኩም። በሁለት እጄ ልጅ ይዤ እንባዬን የምጠርግበት አልነበረኝም።

ቤት ስንመለስ ስልኩን አነሳሁት። ቀይ። የሰርቨር ክፍል ሙቀት፣ ከጠዋቱ፣ ልክ ቅዳሴው ውስጥ ሳለን። ቁጭ አልኩ። ከሥሩ ሌላ መልእክት አለ፣ ኦቦ ቶሎሳ ሰምተዋል። ከሥሩ ሌላ፣ ሙቀቱ ወርዷል።

ደወልኩላቸው። የኤሲው ብሬከር ወድቆ ነበር አሉኝ፣ አነሱት፣ ዳግም እንዳይወድቅ እዚያው ወንበር ወስደው ተቀምጠዋል። ጸሎት ቤታቸው ሳይሄዱ! ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ፤ ልጅቷ አለቀሰች ወይ ብለው። ትንሽ ብቻ አልኳቸው።

«በይ ልጅሽን ያዢ። እዚህ እኔ አለሁ።»

ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚለኝ ሰው ያጣሁት፣ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ የምተኛው።

አሁን ከሰዓት ነው። ሮማን ተኝታለች፣ እንግዶቹ ውጭ ይጫወታሉ፣ ክርስትና ልጄ ጭኔ ላይ ናት። በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ነገ እመለሳለሁ። ብሬከሩም መቀየር አለበት፤ ዛሬ ሊወድቅ ይችላል፣ ላይወድቅም ይችላል። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ስልኬን አጥፍቼዋለሁ።